ተወርዋሪው ካራ፦ ከኦምዱርማን እስከ ለንደን

ከእኛ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዐባይ ከነጭ ዐባይ ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ ተሻግሮ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ለጥ ብላ የተዘረጋችውን ኦምዱርማንን ለማየት የሄድሁት፣ ዛሬ ሱዳንን ያገኛት መከራ ሳያገኛት፣ መንገደኛ በሰላም ይወጣና ይገባ በነበረበት ወራት ነው። ለኢትዮጵያዊ ይህች ከተማ እንደ ማንኛውም የባዕድ አገር ከተማ አይደለችም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በትምህርት ቤትም በአባቶች ጨዋታም «ድርቡሽ» ሲባል የሰማነው ኃይል መናገሻው እዚህ ነበርና፣ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው ጦርም፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማው ጦርነት የተሰለፈው ሠራዊትም፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚህች የጭቃ ግንብ ከተማ ከተቀመጠው ከኸሊፋ ዐብዱላሂ ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ በድል አድራጊዎቹ እጅ የመጣውም ወደዚሁ ነው። ስለዚህ አገሬው በትሕትና ተቀብሎ ሻይ ሲያቀርብልኝ፣ በልቤ ውስጥ ምስጋናና ቅያሜ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ነበር አልሸሽግም።

የኸሊፋው ቀዳሚና የድርቡሽ መሥራች የነበረው የመሐዲው መቃብር ጉልላት በእንግሊዝ መድፍ ተመትቶ ከፈረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 እንደ ገና የታነጸ ነው። ከእርሱ ፊት ለፊት ያለው የኸሊፋው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖ ነበር። ያስጎበኙኝ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስለ ኸሊፋው ሠራዊት ትጥቅ ስጠይቃቸው በቃል መግለጡ ስላልበቃቸው፣ ወደ ግቢው ወጥተው በምርኩዛቸው ጫፍ አሸዋው ላይ አንድ ነገር ሣሉ፤ ከእጀታው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ግንድ፣ ከግንዱ አጋማሽ ወደ ጎን የሚገነጠል ክንፍ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ፊት የጎበጠ ራስ። ይህንን የዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ያሉ ሕዝቦች በጦር ሜዳ የሚወረውሩት ካራ እንደ ነበረ፣ የኸሊፋው አንጥረኞች ግን ከመወርወር ይልቅ ይጽፉበት እንደ ነበረ ነገሩኝ።

የጽሕፈቱ ነገር እውነት ነው። በመሐዲያ ዘመን ከኦምዱርማን መሥሪያ ቤቶች የወጡት እነዚህ ካራዎች ከብረት ዝርግ ተቆርጠው፣ ከእጀታቸው እስከ ጫፋቸው ድረስ ሁለቱም ገጻቸው በዐረብኛ ፊደል የተሸፈነ ነው፤ ፊደሉም በመሮ ሳይሆን ብረትን በሚበላ አሲድ የተጻፈ ነው። ብዙውን ጊዜ ቃሉ እየተደጋገመ፣ አንዳንዴም ሊነበብ እስከማይቻል ድረስ እየተጠላለፈ ስለሚሄድ፣ የተጻፈው ለአንባቢ ዓይን ሳይሆን ለያዡ በረከት መሆኑን ማንም ይረዳል። በእኛም አገር ደብተራው በብራና ጽፎ በአንገት የሚያስረው ክታብ፣ ባለቤቱ ፊደል ባይቆጥርም ኃይሉ እንደማይጎድልበት ይታመን የለምን? ሊቃውንት ሲመረምሩት ይህ መሣሪያ ለጦርነት የሚመች ሆኖ አላገኙትም፤ ሚዛኑም ስለቱም ለውርወራ አልተሠራም። ታዲያ ለምን ተሠራ ቢባል፣ በኸሊፋው ሰንደቅ ሥር ከተሰበሰቡት መካከል ከምዕራብና ከደቡብ የመጡ፣ ተወርዋሪ ካራን ከአባቶቻቸው የወረሱና የወንድነት ምልክት አድርገው የሚያከብሩ ብዙ ነገዶች ነበሩ፤ መንግሥቱም የእነርሱን ምልክት ወስዶ የራሱን ሃይማኖት ጻፈበት። የፖለቲካ ጥበብ ነው፤ እኔ እንደማስበው ከብዙ ስብከት የበለጠ የሠራ ጥበብ ነው።

በ1890 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ፣ ከከተማው በስተ ሰሜን ባለው በካራሪ ሜዳ፣ ከ10,000 በላይ የኸሊፋው ወታደሮች በአንድ ቀን በመትረየስና በመድፍ ረገፉ፤ ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞተው ግን ሃምሳ አይሞላም። ሜዳውን በእግሬ ሄጄበታለሁ። ጠጠር፣ ቁጥቋጦና ነፋስ ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጽሕፈት ያለባቸውን ካራዎች ድል አድራጊዎቹ ለማስታወሻ እየለቀሙ ወደ ሀገራቸው ወሰዷቸው፤ የእኔም ጉዞ ዱካቸውን ተከትሎ ወደዚያው አመራ።

በለንደን የብሪታንያ ቤተ መዘክር፣ የአፍሪካ ክፍል የሚባለው ከምድር በታች ነው። ደረጃውን ወርደው ሲገቡ፣ ሌሎች አዳራሾች እንደሚያደርጉት ዕቃውን በየሣጥኑ አስተኝቶ ከማሳየት ይልቅ፣ ተወርዋሪ ካራዎችን በአየር ላይ አንጠልጥሎ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚበር አስመስሎ ያሳያል። አብሮኝ የነበረው፣ እዚያ ከተማ ብዙ ዘመን የኖረ ወጣት የአገራችን ልጅ፣ ጥቂት ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ክንፍ ምን ያደርግለታል? አንዱ ስለት አይበቃም ነበር?» አለኝ።

«ጦር ስትወረውር ጫፉ ካልቀደመ ከንቱ ነው፤» አልሁት፤ «ይህ ግን እየተሽከረከረ ስለሚሄድ በየትኛው ወገን እንደሚደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። በየትም ቢደርስ ስለት እንዲቀድም ነው የበዛው።»

«ከሳተስ?»

ይህ ጥያቄ ከእኔ መልስ ይልቅ የነገሩን ሥር የነካ ነበር። የሳተ ጦር በማግሥቱ ከሜዳ ይለቀማል፤ ጦር የሚሠራም በየመንደሩ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ካራ ግን አንድ ብልህ አንጥረኛ ብዙ ከሰል አንድዶ፣ ብዙ ጊዜ ከእሳት ወደ መስፍ፣ ከመስፍ ወደ እሳት መልሶ የሚያወጣው ነውና፣ የወረወረው ሰው በአንድ ቅጽበት ሀብቱን፣ ክብሩንና የጌታውን ስጦታ ከእጁ አውጥቶ ለጠላት እግር ሥር ይጥላል። እንግዲህ ይህንን መሣሪያ ከሠሩት ሕዝቦች አንዳንዶቹ፣ በልዩ ልዩ መንገድ ቢሆንም፣ ካራው ከእጅ እንዳይወጣ የሚከለክል ሥርዐት ሠርተውለታል ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

ከተንጠለጠሉት ውስጥ አንዱን፣ ዛንዴዎች ክፒንጋ የሚሉትን፣ መስተዋቱን በግንባሬ እስክነካ ድረስ ተጠግቼ አየሁት። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም። ከእጀታው ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ሰፊ ቅጠል ያለ አንድ ስለት ወደ ጎን ይወጣል፤ ከርሱ በላይ በተቃራኒው ወገን ሌላ ይገነጠላል፤ ሦስተኛው በራሱ ላይ ጎብጦ ይጨርሰዋል። ሦስቱም ከአንድ ጥፍጥፍ ብረት የወጡ ናቸው፤ ብየዳ የለም፣ ምስማር የለም፣ የተቀጠለ ነገር የለም። አንጥረኛው ብረቱን በጋለበት ሰንጥቆ ቅርንጫፉን ሳይበጥስ እያሳሳና እያሰፋ አውጥቶታል፤ በየስለቱ መካከልም ብረቱ እንዳይጎብጥ ደንደን ያለ ጅማት ትቶለታል። ከዳር ዳር በቀጭን መሮ የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ እነዚህ ለገዳይነቱ ምንም አይጨምሩለትም። እጀታው የተጠቀለለበት ገመድ በላብና በእጅ ቅባት ጠቁሮ ይታያል። የዚያን ላብ ባለቤት ግን በግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አያውቀውም።

የዛንዴ ሕዝብ ዛሬ በደቡብ ሱዳን፣ በኮንጎና በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ድንበሮች ተከፍሎ ይኖራል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ባደረገው ጉዞ ወደዚያ አገር ሲገባ፣ ተዋጊዎቹ ካራዎቻቸውን በተሸመነው ጋሻቸው ውስጠኛ ወገን አንግተው ሲሄዱ አይቶ፣ በመጽሐፉ ጽፎም ሥሎም ለአውሮፓ አስተዋወቃቸው። የአውሮፓ አንባቢ ከመጽሐፉ የወደደው ግን በአብዛኛው ስለ ሰው በላነት የሚነገረውን ወሬ ነበርና፣ ካራውም በዚያው ወሬ ጥላ ሥር ወድቆ የአረመኔነት ምስክር ተባለ። ከርሱ ወዲህ በዛንዴዎች ዘንድ ተቀምጦ ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ይህ ሰው ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941፣ የአኙዋክን ጀግኖች አሰልፎ በሱዳን ጠረፍ በኩል ጣልያንን የወጋ መምህር ነውና፣ ስሙ ሲነሣ እግረ መንገዴን ይህን ሳላስታውስ ማለፍ አልወደድሁም።

ከዛንዴ ታሪክ አጥኚዎች እንደምንረዳው፣ ክፒንጋ ማንም ተራ ሰው ከገበያ ገዝቶ የሚታጠቀው አልነበረም። የገዢው የአቮንጋራ ወገን መሳፍንት በግምጃ ቤታቸው ያኖሩት ነበርና፣ በዘመቻ ጊዜ ለተመረጡ ጭፍሮች ያድሉታል፤ ይህንን መያዝ ከንጉሡ ደጅ መዋልን፣ በንጉሡ ዓይን መታየትን የሚመሰክር ነበር። ተዋጊውም በቅርብ ካልሆነና የሚመታውን ካላረጋገጠ በቀር አይወረውረውም፤ ሊወረውረውም ሲነሣ የሚወረውረው ተራ ጦር ሳይሆን ክፒንጋ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስታውቃል ይባላል። ነገሩ በመጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ ሊገድሉት የመጡ ሰዎች በከበቡት ሰዓት ሰው እንዴት ስለ ንብረት ይጮኻል? ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ከንጉሥ የተቀበለውን አደራ በዘበት እንዳልጣለው ወዳጅም ጠላትም ምስክር እንዲሆንለት መጮኹ፣ የሹመትና የአደራ ሕግ በሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ዘንድ ሊያስቅ የሚገባ አይደለም።

በሰላም ጊዜም ቢሆን ካራው ሥራ አይፈታም። ከኡባንጊ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ባሉ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከጥሎሽ ጋር ይቆጠር ነበር፤ ለገንዘብነትም ያገለግል ነበር። በቻድ ደቡብ በሣራዎች መካከል በጭፈራና በሥርዐት ቀን የሚያዝ ጌጥ ነው። ወደ ኮንጎ ደን ሲዘልቁማ የብረቱ ክብር ጭራሽ ከሥራው ተለይቶ፣ በኪሳንጋኒ አካባቢ የሰው ቁመት የሚያህል የጦር ራስ ለጥሎሽ ይሠራ ነበር፤ ይህንን ማንም በጦር ሜዳ አይወረውረውም። በምሥራቅ በኩል፣ ከቤኒ ሻንጉል ማዶ በሱዳን ያሉት የኢንገሳና ኮረብታ ሰዎች በካራዎቻቸው ላይ እባብና ጊንጥ ይቀርጻሉ። ከዚያ ወዲህ፣ ወደ እኛ ደጋ ሲወጡ፣ ተወርዋሪ ካራ አይገኝም፤ የእኛ ሰው የሚወረውረው ጦር ነው፣ የሚታጠቀውም ጎራዴ ነው።

በዚያው አዳራሽ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ በልቤ የቀረው ግን አንድም ካራ ያልሆነ፣ ከእንጨት የተቀረጸ የንጉሥ ምስል ነው። በካሳይና በሳንኩሩ ወንዞች መካከል የነበረው የኩባ መንግሥት ንጉሦቹን በአምሳላቸው የማስቀረጽ ልማድ ነበረው፤ ሃንጋሪያዊው ተጓዥ ኤሚል ቶርዳይ በሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ ወደዚያ አገር ሄዶ ካገኛቸው ምስሎች አንዱ በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት የነገሡት የሻም አምቡል አንጎንግ ነው። ንጉሡ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ በራሳቸው ላይ ዝርግ አክሊል አለ፤ በግራ እጃቸው የያዙት አጭር ካራ ስለቱ ወደ ኋላ የዞረ ነው። ከፊታቸው ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ገበጣ! ወጣቱ ጓደኛዬ «ጋሼ፣ አዩት?» ብሎ ክንዴን ያዘኝ፤ በሩቅ አገር ዘመድ ያገኘ ያህል ሁለታችንም ደስ አለን።

የኩባ ሽማግሌዎች ለቶርዳይ እንደ ነገሩት፣ እኚህ ንጉሥ ከመንገሣቸው በፊት ጥበብ ፍለጋ ወደ ምዕራብ አገሮች ተሰድደው ነበር፤ ተመልሰው ዙፋን ሲይዙም ሽመናንና ገበጣን ለሕዝባቸው አስተማሩ፤ ሾንጎ የሚባለውን ተወርዋሪ ካራና ቀስትን ግን በጦርነት እንዳይያዙ ከለከሉ። ካራው የሕዝቡ ዋና መታወቂያ እስኪሆን ድረስ የገነነ መሣሪያ ነበረ። በምትኩ ሰው በወገቡ የሚሸጉጠው፣ የሰላም ካራ የሚባለው አጭሩ ኢኩል ሆነ፤ በምስሉ ግራ እጅ ያለውም እርሱ ነው። የአፍ ታሪክ ሁልጊዜ የነገሥታትን ሥራ ለአንድ ሰው ጠቅልሎ መስጠት ይወዳልና፣ የዘመናችን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን ሁሉ ቃል በቃል አይቀበሉትም። እኔ ግን ሕዝቡ ከነገሥታቱ መካከል ከሁሉ አብልጦ ያከበረው፣ መሣሪያ የፈጠረውን ሳይሆን መሣሪያ ያስቀረውን መሆኑን እንደ ታላቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ተረትም ቢሆን የተመረጠው ተረት ስለ መራጩ ይናገራልና።

ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ምስል ደግሞ አለ፤ በኋላ ዘመን የነገሡት የምቦፕ ፔልዬንግ ነው። በፊታቸው የተቀረጸው ገበጣ ሳይሆን መስፍ ነው፤ አንጥረኛ ንጉሥ ነበሩና። በዚህ ስፍራ ቆሜ ሳለሁ ደስታዬ ወደ ሌላ ስሜት መዞሩን አልደብቅም። ኦሪት ዘፍጥረት ናስና ብረት የሚሠራውን ቱባልቃይንን በቃየን የልጅ ልጆች መካከል ሲቆጥር፣ የእኛ ሰው ዕውቀቱን ትቶ ዘሩን ብቻ የያዘ ይመስላል። ብረት የሚያቀልጠውን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን፣ ባበጀልን ማረሻ አርሰን፣ ባበጀልን ጦር ዘምተን፣ በሠርጋችን ማዕድ ግን አብሮን እንዳይቀመጥ ስንከለክል ኖረናል፤ ነገሩ ከመጠን ስላለፈም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ኩባዎች መስፉን በንጉሣቸው ፊት አስቀመጡት። እኛ ሦስት ሺህ ዘመን የምንቆጥር ሕዝብ ከዚህ ነገር ብንማር የሚያሳፍር አይሆንም፤ አለመማራችን ግን ያሳፍራል።

ኋላ በዚያ ሁሉ አገር ላይ ጠመንጃ ገባ፤ በዛንዴ የያምቢዮው ታላቅ ንጉሥ ግቡድዌ እ.ኤ.አ. በ1905 በእንግሊዝ ጦር ተመቶ ሞተ፤ ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣው ርካሽ ብረት የየመንደሩን ማቅለጫ ምድጃ አጠፋው። ካራዎቹን የቅኝ ገዢ ሹማምንት በየግድግዳቸው ላይ እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ሰቀሏቸው፤ ሲሞቱም ወራሾቻቸው ለቤተ መዘክር ሰጧቸው። ኦክስፎርድ ያለው የፒት ሪቨርስ ስብስብ መሥራች የሆነው ጄኔራል፣ የጦር መሣሪያ ሁሉ ከአንድ ተራ በትር ጀምሮ በደረጃ እያደገ መጣ የሚለውን ሐሳቡን ለማስረዳት፣ የየአገሩን መሣሪያ በቅርጹ ተራ አስይዞ ያኖር ነበር። እንዲህ ሲደረድሩት ካራው ከባለቤቱም፣ ከጥሎሹም፣ ከአደራውም ተለይቶ የቅርጽ ምሳሌ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የለንደኑ አዳራሽ በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ሕይወት እንደ ነበረው ለማሳየት ሞክሯል።

በየካራው ሥር ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ ከመውጣቴ በፊት በተራ አነበብኋቸው። የሕዝቡ ስም አለ፤ ዘመኑ በግምት አለ፤ ዕቃውን ያመጣው ሰው ወይም የሰጠው ቤተ ሰብ ስም በብዙዎቹ ላይ አለ። የሠራው ሰው ስም ግን በአንዱም ላይ አላገኘሁም። ይህን እንግሊዞችን ለመክሰስ አልጻፍሁትም፤ በአገራችንም በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትና በየባላባቱ ቤት ያሉት ጎራዴዎችና ጦሮች የታጣቂያቸው ስም እንጂ የአንጥረኛቸው ስም የለባቸውም። ስለዚህ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ወይም ጦር ያለው አንባቢ፣ ማን እንደ ዘመተበት ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ሠራው የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ሳይውል ሳያድር ይጠይቅ፤ የአንጥረኛውን ስምና መንደርም በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ያኑር።